ሌአሳሞ የሚባሉ ሁሉ

«ሌአሳሞ? አይሳፈርም። ወንበር ስጡትና ይቀመጥ፤ ሽማግሌ ነው፣ ሮጦ አያመልጣችሁም።» የቢሮው አለቃ ሴላፉ ይህን በስልክ ተናግሮ ሳቀ። የእሱን ቢሮ ከሠራተኞቹ ክፍል የሚለየው ስስ ኮምፔንሳቶ ነውና ማሬታ ቃሉንም ሳቁንም እንዳለ ሰማችው። የጀመረችውን ዳቦ አስቀመጠች። በዛሬው የዓርብ በረራ ከደሴታቸው ዋና ከተማ ከአፒያ ባሕር ማዶ ወደ ኦክላንድ የሚሄድ ሌአሳሞ የሚባል መንገደኛ አንድ ብቻ እንደሆነ ታውቃለች። ነጭ ሸሚዛቸውን ትናንት የተኮሰችው እሷ ናት። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ታክሲ ውስጥ ያስገባቻቸውም እሷ ናት። አባቷ ናቸው።

የአባቷ እህት ላኑ ያረፈችው በዚህ ሳምንት ማክሰኞ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ኦክላንድ ውስጥ የሆስፒታል ወለል ስትወለውል ኖራ፣ ከምታገኘው እየቆነጠረች የእነማሬታን የትምህርት ቤት ክፍያ ከፍላ፣ የአባቷን ቤት ቆርቆሮ አልብሳ፣ ጡረታ በወጣች በሁለተኛው ዓመት ልቧ ቀጥ አለ። ቀብሩ ነገ ጠዋት ነው። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ደግሞ ዘመድ ሁሉ በየተራው ሬሳው ፊት ይቀርባል፤ የወንድም ተራ ማምሻውን ነው። ወንድም የክብር ሰሌኑን ታቅፎ ይገባል፣ ዘርግቶ ያለብሳታል፣ ቆሞም ይናገርላታል። የክብር ሰሌን ሲባል የመኝታው ዓይነት አይደለም። የማሬታ ቅድመ አያት ከልጆቿ ጋር ሦስት ዓመት ሙሉ የጎነጎነችው፣ እንደ ሻሽ የሚታጠፍ፣ ከቤተሰቡ እጅ ወጥቶ የማያውቅ ነው። አባቷ በአንሶላ ጠቅልለው፣ ከሻንጣ ጋር አይጫንም ብለው፣ እንደ ሕፃን አቅፈውት ነው የወጡት። ላኑ ከአንድ ማህፀን የወጣ ሌላ ወንድም የላትም። የሚቀጥለው አውሮፕላን ደግሞ ማክሰኞ ነው።

የመንገደኞች መረጃ ክፍል የሚባለው ይህ ቢሮ በባሕሩ ዳር መንገድ ላይ ባለ የመንግሥት ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውጭው እንደ ምድጃ እየነደደ ሴቶቹ ሹራብ ለብሰው ይሠራሉ፤ ማቀዝቀዣው ቀንም ሌሊትም አይጠፋም፣ ከጠፋ መሣሪያው ይበላሻል ተብሏል። ስድስት ኮምፒውተር አለ። በሁሉም ላይ የለጋሹ አገር ባንዲራ ተለጥፏል፤ የቆሻሻ ቅርጫቱ ላይ ሳይቀር። ምድር ቤት ያለው የልደት መዝገብ ክፍል ግን ማተሚያው ቀለም ካለቀበት ሦስት ወር ሆኖታል፤ እናቶች ሕፃን አዝለው ይመጣሉ፣ ነገ ተብለው ይሄዳሉ። የማሬታ ሥራ ሲያዩት ቀላል ነው። አየር መንገዱ የእያንዳንዱን መንገደኛ ስም፣ የትውልድ ቀንና የፓስፖርት ቁጥር ይልካል፤ ሲስተሙ ከተፈላጊዎች ዝርዝር ጋር ያመሳክረዋል፤ የሚመሳሰል ሲያገኝ ቀይ ያበራል። ቀይ የበራበት ሰው አይሳፈርም። ትንንሽ ደሴቶች ናችሁ፣ ባሕራችሁ ሰፊ ነው፣ ዕፅ ነጋዴው በእናንተ በኩል ነው የሚያልፈው ተብሎ የተሰጠ ነገር ነው። ይህ ውሸት አይደለም። ማሬታም ስትቀጠር ደስ ብሏት ነበር፤ የጎረቤቷ ልጅ በዚያ ዕፅ አእምሮው ተቃውሶ በአደባባይ ልብሱን ሲጥል አይታለች።

አንኳኩታ ገባች። ሴላፉ መስታወት ፊት ቆሞ ከረቫት ያስር ነበር። እንደ አገሩ የክብር ወግ አዲስ ጥቁር ሽርጥ ታጥቋል፤ ጫማውም ተወልውሏል።

«ሴላፉ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የተያዙት ሰው አባቴ ናቸው።»

«አውቃለሁ» አለ ዓይኑን ከመስታወቱ ሳይነቅል። «አንድ የመዘምራን ቡድን ውስጥ ነበርን እኮ። ደግ ሰው ናቸው።»

«ታዲያ ይልቀቋቸዋ!»

«በምን ሥልጣኔ? ማስጠንቀቂያውን የላከው ፖሊስ፣ የሚያነሣውም የፖሊስ ደብዳቤ። ዓርብ በዚህ ሰዓት እዚያ ቤት ማን ይገኛል?»

«ስህተት መሆኑን እርስዎ ያውቃሉ። እርስዎ ቢፈርሙ ይበቃል፤ ደንቡ ላይ አለ።»

«ደንብ ካነሣሽማ ሠራተኛ የዘመዱን ጉዳይ አይነካም ይላል። አንቺ ስለዚህ ነገር ልታናግሪኝ መግባትሽ ራሱ ጥፋት ነው።»

«በዚህ አገር ዘመድ ያልሆነ ማን አለ? እንዲያ ከሆነ ቢሮውን ዘግተን እንሂድ።»

ሴላፉ ከረቫቱን ጨርሶ ዞረ። «ስሚኝ ልጄ» አለ፤ በሦስት ዓመት ነው የሚበልጣት። «ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ እንግዶች አሉብኝ። ሲስተሙ ሥራ የጀመረበት አንደኛ ዓመት ነው። ዓመቱን ሙሉ አንድ ሰው አልያዘም፤ አንድ! ገንዘቡን የሰጡት ሰዎች ምን ሠራችሁበት ሲሉኝ ምን ላሳያቸው? ባንዲራቸውን? ይኸው እግዜር ዛሬ ጠዋት ቀይ አበራልኝ። ንግግሬን ልጨርስና እፈርማለሁ። ሰዓቱ ይደርሳል፤ ምን አስቸኮለሽ?»

የመንገደኞች መመዝገቢያ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ እንደሚዘጋ ነገረችው። «ይደርሳል አልኩሽ» አላትና የንግግሩን ወረቀት ከጠረጴዛው ላይ አነሣ። ወረቀቱ ወፍራም ነበር።

ወደ ቦታዋ ተመልሳ እንዴት እንደተቀመጠች አላወቀችም። ንዴቷ ሁሉ በሴላፉ ላይ ብቻ ቢሆን ይቀላት ነበር። በዚህ አገር ሰው ሲከብር ስም ይሰጠዋል። ቤተሰቡ ተሰብስቦ፣ አብልቶ አጠጥቶ፣ የድሮ አባቶችን ስም ያወርስለታል፤ ከዚያን ቀን ወዲያ እናቱ ባወጣችለት ስም የሚጠራው ሊሰድበው የፈለገ ሰው ብቻ ነው። ስሙ ደግሞ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። ዛሬ ሌአሳሞ የሚባሉ ስድስት ሰዎች አሉ፤ ሁሉም የአንድ ቤት ቅርንጫፎች። አንዱ አባቷ ናቸው። አንዱ አውቶቡስ ይነዳል፤ አንዱ ጥርሱን ጨርሶ ሳቫኢ ደሴት ላይ ቤቱ ተኝቷል። አንዱ ደግሞ የአባቷ የአጎት ልጅ ነው፤ እሱን የሚያውቁት በመኪናውና በሳቁ ነው። ከስምንት ወር በፊት ከፖሊስ አንድ ወረቀት መጣ። በጀልባ ከገባ አደንዛዥ ዕፅ ጋር በተያያዘ «ሌአሳሞ የተባሉት ባለማዕረግ ከአገር እንዳይወጡ» ይላል እንጂ ሌላ ነገር የለውም። መርማሪው ተጠርጣሪውን እንኳ አክብሮ ነበር የጻፈው። ኮምፒውተሩ ግን የትውልድ ስምና የትውልድ ቀን ይጠይቃል። ማሬታ ወረቀቱን ይዛ ሴላፉ ዘንድ ገባች። «የባለማዕረግን የልጅነት ስም ከሌባ ስም ጋር ልትደረድሪ ነው? አሳዳጊ የበደለሽ! ተይው፣ ባዶውን ይለፍ» አላት። ተወችው።

ቦታው ባዶ ከሆነ ሲስተሙ ሌአሳሞ የሚባለውን ሁሉ እንደሚይዝ በሥልጠናው ተነግሯታል። የሚፈለገው የትኛው እንደሆነም ታውቃለች። ልጅ ሳለች ትከሻው ላይ አውጥቶ ባሕር ውስጥ የሚያስገባት ሲሚ ነው። ሲሚ ብላ መጻፍ አሳፍሯት ተወችው። ማፈር ብቻም አይደለም፤ ፈርታም ነው፣ የቤተሰብ ገመና ነውና። አባቷ በስልሳ ሰባት ዓመታቸው አውሮፕላን ይሳፈራሉ ብላ አላሰበችም። አምና ፓስፖርት ያወጡት ለጉዞ ሳይሆን ለክብር ነበር፤ በማዕረግ ስማቸው ተጽፎላቸው፣ ለጎረቤት ሁሉ እያዞሩ አሳይተዋል።

ስልክ ደወለችላቸው። «ደህና ነኝ» አሏት። «ወንበር ሰጥተውኛል። ልጅቱ ትንሽ ይጠብቁ ብላኛለች። ጎረቤቶቻችን እነቶኢሳ ተመዝግበው ገቡ፤ ምን ሆነው ነው ብለው ጠየቁኝ። ምን እንደምላቸው አጣሁ።»  ከጀርባቸው ሻንጣ ሲጎተት ይሰማል።

ስልኩን ስትዘጋ አንድ ነገር መጣባት። ሲሚ የላኑን ሞት ሰምቶ አርፎ የሚቀመጥ ሰው አይደለም። የትናንቱን የመንገደኞች ዝርዝር ከፈተች።

«ማሬታ፣ ተይ» አለች አጠገቧ የምትሠራው ቫዮላ። «በራስሽ ስም ነው ሲስተሙ ውስጥ የገባሽው፤ ይታይብሻል።»

«ይታይብኝ።»

«ልጆች አሉሽ እኮ።»

«አባትም አለኝ።»

አሥራ ዘጠነኛው መስመር ላይ አገኘችው። ታውአሎ፣ ሲሚ። ወንድ። ኦክላንድ። አረንጓዴ። ሲሚ ማዕረጉን ከተቀበለ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ፓስፖርቱን ግን አልቀየረም። በአባቱና በልጅነት ስሙ፣ መልካም ጉዞ ተብሎ ሄዷል። ስድስት ኮምፒውተር፣ ስድስት ባንዲራ፣ አንድ ዓመት ሙሉ! የሚፈልጉትን ሸኝተው የማይፈልጉትን ቁጭ አድርገውታል። ማሬታ እንባዋ መጣ፤ የንዴት እንባ ነው። በሹራቧ እጅጌ ጠርጋ ወረቀቱን አተመችው።

ስድስት ሰዓት የተባለው ዝግጅት ስድስት ከሃያ አምስት ተጀመረ። ጠረጴዛዎቹ ተጠጋግተው ነጭ ጨርቅ ለብሰዋል። በመሃሉ በአውሮፕላን ቅርጽ የተጋገረ ኬክ አለ፤ በአገሩ ገንዘብ በሦስት መቶ ሰማንያ ታላ ተገዝቷል፤ ደረሰኙን ማሬታ ናት ያስገባችው። ቄሱ ጸለዩ፤ ጸሎቱም ረዘመ። ከለጋሹ አገር የመጣችው ሴትዮ አንገቷ ላይ የአበባ ጉንጉን ተደርጎላት፣ ፊቷ በፀሐይ ቀልቶ፣ ለሁሉም ፈገግ ትላለች። ሴላፉ ተነሣ። አባቶቻችን ኮከብ እያዩ ባሕር ሲያቋርጡ ከሚለው ነው የጀመረው። ማሬታ ከኋላ፣ ከሳህኖቹ አጠገብ ቆማ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ታያለች። ስድስት ሰዓት ከሃምሳ ላይ አባቶቻችን ገና ታንኳ ውስጥ ነበሩ። ሰባት ሰዓት ላይ ማዕበል አጋጠማቸው። ሰባት ከአምስት ላይ ሴላፉ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ዛሬ እንኳ ክቡራን እንግዶቻችን፣ ዛሬ ጠዋት እንኳ ሲስተማችን አንድ ሰው ይዟል! ሊያመልጥ ሲል፣ ከደጃፉ!»

ተጨበጨበ።

«ኤቲ!» አለች ማሬታ።

ኤቲ የሴላፉ የልጅነት ስም ነው። ሴላፉን በዚያ ስም እናቱ እንኳ ከተሾመ ወዲህ በሰው ፊት ጠርታው አታውቅም። ቄሱ ወደ ወለሉ አዩ። ቫዮላ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«አንተን እኮ ነው ኤቲ። የያዝከው አባቴን ነው። እህታቸውን ሊቀብሩ ነው የሚሄዱት፤ ታውቃለህ፣ አውቃለሁ ብለኸኛል። የምትፈልገው ሲሚ ታውአሎ ነው። ትናንት በዚያው በር፣ በዚሁ ሲስተምህ ሄዷል፤ ይኸው ወረቀቱ! አንድን ሽማግሌ ለኬክህ ማድመቂያ አደረግክ። አሁን ትፈርማለህ ወይስ የሁላችሁንም የልጅነት ስም በየተራ ልጥራ?»

ሴትዮዋ ወደ ሴላፉ ጠጋ ብላ ምን አለች ስትል ጠየቀችው። «በሥራችን ኩራት እንደሚሰማት እየተናገረች ነው» አላት፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። ሴትዮዋ ደስ ብሏት ለማሬታ አጨበጨበችላት።

ፈረመ። ቀና ብሎ ሳያያት፣ እንደቆመ፣ ማሬታ ያቀረበችለትን የመልቀቂያ ወረቀት በግራ እጁ ይዞ ፈረመና «ሰኞ እንዳትመጪ» አላት። ያን ጊዜ ሰባት ሰዓት ከሩብ ነበር። ቫዮላ ወረቀቱን ይዛ ወደ ኮምፒውተሩ ሮጠች። ነገር ግን ማስጠንቀቂያ ፊርማ ቢኖርም ኮምፒውተሩ ላይ በአንድ ሰው እጅ ብቻ አይነሣም፤ ሁለተኛ ሰው ያረጋግጣል ይላል ደንቡ። ሁለተኛው ሰው ኬክ ይቆርጥ ነበር። እስኪቆርጥ፣ እጁን እስኪታጠብ፣ የይለፍ ቃሉን ረስቶ እስኪያስታውስ ቆየ። ቀዩ አረንጓዴ የሆነው ሰባት ሰዓት ከአርባ ላይ ነው። መመዝገቢያው ከተዘጋ አሥር ደቂቃ ሆኖታል።

ማሬታ ይህንን ከቫዮላ በስልክ የሰማችው ታክሲ ውስጥ ሆና ነው። ሹፌሩ ሰባ ታላ ቢላት አልተከራከረችውም። ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የሚወስደው መንገድ በየመንደሩ ደጃፍ ጉብታ አለው፤ ሹፌሩ በእያንዳንዱ ላይ እንደ እርጉዝ ሴት እየተጠነቀቀ ያልፋል። «ትንሽ ፍጠንልኝ ወንድሜ» አለችው። «መኪናው የኔ አይደለም እህቴ» አላት። ቢሮ ውስጥ እየጮኸች ያወጣችው ንዴት አልበረደላትም፤ እንዲያውም አሁን ነው የባሰባት። ሥራዋን ማጣቷን አሰበችና ለጊዜው ምንም አልመሰላትም። የሚያንገበግባት ሌላ ነው። ያንን ስም ያኔ ጽፋው ቢሆን ዛሬ ኤቲ ብላ መጮህ አያስፈልጋትም ነበር።

ስትደርስ ስምንት ከአሥር ነው። አውሮፕላኑ ገና አልተነሣም፤ በመስታወቱ ይታያል። አባቷ ከተቀመጡበት ወንበር እስከ ደረጃው መቶ እርምጃ አይሞላም። መመዝገቢያው ላይ ያለችው ልጅ አልቅሳ ዓይኗ አብጧል። «እኔ ምን ላድርግ እህቴ?» አለች። «ከተዘጋ ተዘጋ ነው። ሻንጣ ተቆጥሮ አልቋል። አረንጓዴ ሲሆን ራሴ ሮጬ አለቃዬን ለመንኩት፤ አይሆንም አለኝ። እኔ ሥራ ከጀመርኩ ገና ሦስት ወር ነው።» ማሬታ ልጅቱ ላይ መጮህ አቃታት። አለቃ የተባለውን ሰው ጠየቀች፤ ምሳ ወጥቷል። ስምንት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ላይ አውሮፕላኑ ተንደርድሮ ተነሣ።

አባቷ አጠገብ ተቀመጠች። ጥቅሉን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ነጭ ሸሚዛቸው እስከ አንገት ተቆልፎ፣ ጀርባቸውን ቀጥ አድርገው ተቀምጠዋል። ከጠዋት ጀምሮ ምግብ አልቀመሱም። አዳራሹ ባዶ ሆኗል፤ አንዲት ሴት ወለሉን ትወለውላለች፤ ቡቲክ ውስጥ ያለው ሬዲዮ መዝሙር ይጫወታል። የፖሊስ ወረቀት መምጣቱን፣ የተፈላጊው ስም ባዶ መታለፉንና በዚያ ሰበብ መያዛቸውን ነገረቻቸው። ሴትዮዋ እነሱ ጋ ስትደርስ እግራቸውን አነሡላት፤ አልፋ ስትሄድ መለሱ።

«የሚፈለገው ማነው?» አሉ በመጨረሻ።

«ሲ... የአጎትዎ ልጅ።»

«ስሙን ያልጻፈው ማነው?»

«እኔ ነኝ አባባ።»

«ታውቂው ነበር?»

«አውቀው ነበር። ነውር መሰለኝ።»

 እንዲቆጧት ፈለገች። እጃቸውን አንሥተው ቢመቷት እንኳ ደስ ባላት። እሳቸው ግን አንሶላው ላይ የወደቀ ነጠላ ክር አንሥተው በጣቶቻቸው ያድቦለቡሉ ጀመር። የባለማዕረግን የልጅነት ስም መጥራት ነውር ነው ብለው ያሳደጓት እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ፣ እዚያው እንደተቀመጡ፣ ስልካቸው ጮኸ። የላኑ ልጅ ኤሜሌ ናት፤ ቀርቻለሁ ብለው ቀደም ሲል ነግረዋታል። የኤሜሌ ድምፅ ጮክ ያለ ስለሆነ ማሬታም ትሰማዋለች።

«አጎቴ፣ አይዞዎት፣ አይጨነቁ» አለች። «ሌአሳሞ እዚህ ደርሰዋል። ትናንት ነው የገቡት፤ ሰሌንም ይዘዋል። እርስዎ እንደማይመጡ ሲሰማ ሽማግሌዎቹ ያንን ተራ ለእሳቸው ሰጧቸው። እናቴ ወንድም ሳይቆምላት አትቀርም። ሊጀምሩ ነው፤ እንዲሰሙ ስልኩን አጠገባቸው ላድርገው።»

ከዚያ የሲሚ ድምፅ መጣ። ሲሚ ሲናገር ያምርበታል፤ ይህን ማንም አይክደውም። «እኔ ሌአሳሞ» አለ «እኔ ወንድምሽ፣ ባሕር ተሻግሬ መጥቻለሁ።» ሕዝቡ አጉረመረመለት። ስለ ላኑ እጆች ተናገረ፤ ስለላከችው ቆርቆሮ ተናገረ፤ ዝናብ በዚያ ጣሪያ ላይ በወረደ ቁጥር ድምፅሽን እሰማለሁ አለ። በዚያ ጣሪያ ሥር አድሮ አያውቅም። አንዲት ሴት ጮኻ አለቀሰች። ማሬታ ስልኩን ነጥቃ ልትጮኽበት እጇን ዘረጋች። አባቷ እጇን ገፉት። ስልኩን ግን ከጆሯቸው አንሥተው፣ ሳይዘጉት፣ ጭናቸው ላይ ባለው ጥቅል ላይ አስቀመጡት። ፊታቸው እሷ አይታው በማታውቀው ዓይነት ጠቁሯል።

«ብዕር አለሽ?» አሉ።

«አለኝ።»

«ጻፊ። ሲሚ።» ቃሉን መጀመሪያ በሹክሹክታ አወጡት፤ ከዚያ ግን ጮክ ብለው ደገሙት። «ሲሚ! ሲሚ ታውአሎ። እናቱ ሴኒ። የተወለደው ጥር ዘጠኝ ቀን፣ ማዕበሉ የቤተ ክርስቲያኑን ክዳን በወሰደበት ሌሊት ነው። አዋላጇን በዚያ ዝናብ ሮጬ የጠራሁ እኔ ነኝ። ለዚያች ለባልደረባሽ ንገሪያት፣ ዛሬውኑ ታስገባው። ሲመለስ በአየርም ይምጣ በባሕር ይያዝ።»

ማሬታ ወረቀት ስላልነበራት መዳፏ ላይ ጻፈች።

«ዓመቱንም» አሉና ነገሯት። ከስልኩ ውስጥ ሲሚ «እኔ ወንድምሽ» ማለቱን አላቋረጠም።